የላይኛው አልጋ



የተጠራሁት «አዳሪ ትምህርት ቤትና የተማሪ ውጤት» በሚል ርእስ እንድናገር ነበር። ርእሱን የመረጡልኝ ሰዎች አይቀየሙኝና፣ ስለ ውጤት የምለው ጥቂት ነው፤ እሱንም አሁኑኑ ልጨርሰው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2015 መባቻ፣ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እያደሩ ነበር። ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑና አገር ደነገጠ። ያስፈተኗቸውን ልጆች አንድ ሳያስቀሩ ያሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ሲቆጠሩ ደግሞ አዳሪዎቹ ጎልተው ታዩ። ከዚያ ወዲህ «አዳሪ እንክፈት» የሚለው ድምፅ በርትቷል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆች መካከልም ለመስከረም ሻንጣ የገዛችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ይቅናችሁ። ስለ ውጤት ጨረስኩ።

እኔ የማወራችሁ ከምሽቱ 3:30 በኋላ ስላለው ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋበት እስከ ንጋቱ 11:30 ደወል ድረስ ያለው፣ በየትኛውም የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ የማይጻፈው፣ መምህር የማይገባበት፣ ፈተና የማይወጣለት ስምንት ሰዓት። አዳሪ ትምህርት ቤትን ከተመላላሹ የሚለየው ይኸው ነው። ሒሳቡንና እንግሊዝኛውንማ ልጁ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰም ይማረዋል።

«አዳሪ» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው የድንጋይ ሕንፃ፣ የተከረከመ ሣርና ክራባት ያሰረ ወንድ ልጅ ነው። ነገሩ ሁሉ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ተጭኖ የመጣ ይመስለናል። እኔ ግን ስለ አዳሪነት መጀመሪያ የሰማሁት ከአጎቴ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ክራባት በዓይኑ ያየው ከሸመገለ በኋላ ነው። የጎጃም ቅኔ ተማሪ ነበር። ገና በአሥራ አንድ ዓመቱ የሚጠብቃቸውን ከብቶች ሜዳ ላይ ትቶ፣ ለእናቱ እንኳ ሳይነግር ጠፍቶ፣ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር ሲዞር አደገ። ተማሪዎቹ ከየኔታ ቤት ፈንጠር ብለው ራሳቸው ጎጆ ይቀልሳሉ። ጎጆዋ በወጉ ቢሆን ከሦስት ሰው በላይ አትይዝም፤ ሲመሽ ግን ስድስት ይተኛባታል። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይለምናሉ፤ ከውሻ ያመለጠ ቁራሹን ይዞ ይገባል።

ማታ ቁራሹ ሁሉ አንድ ላይ ይደፋል። ያገኘም ያላገኘም እኩል ይቀርባል። ውሻ ነክሶት ባዶ አኮፋዳውን ይዞ እያነከሰ የገባ ልጅ «ስንት አመጣህ?» አይባልም፤ እንዲያውም ቁስሉን የሚያጥብለት ይታዘዝለታል። ከዚያ ማብሪያም መጽሐፍም የለ፣ የቃል ትምህርቱ በጨለማ ይቀጥላል። ትልቁ ይነግራል፣ ትንሹ ይቀበላል፣ እንቅልፍ የጣለውን ጎኑ ያለው በክርኑ ይነካዋል። «የኔታን በቀን ሁለት ጊዜ አያቸው ነበር፤ ከነዚያ ከአምስቱ ቅማላሞች ጋር ግን ሌሊቱን ሙሉ ነበርኩ» ይለኝ ነበር አጎቴ እየሳቀ። የአምስቱንም ስም፣ ያውም ተማሪ ቤት የወጣላቸውን ስም፣ እስኪሞት ድረስ ይቆጥር ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ አልጋ ይዞ መጣ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ተከፈተ፣ ተፈሪ መኮንን በ1917። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ደግሞ ጉለሌ አካባቢ ጄኔራል ዊንጌት ተከተሉ። ዊንጌት ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ በጎጃም በኩል የገባውን ጦር የመራው የእንግሊዝ መኮንን ነው፤ በ1936 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ትምህርት ቤቱ በስሙ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጅ እየለቀሙ አንድ ጣሪያ ሥር አስተኙ። የኢሉባቦሩ በዓሉ ግርማ የዊንጌት ልጅ ነው። የዓድዋው መለስ ዜናዊም፣ በሌላ ዘመን፣ እዚያው ተምረዋል። ሁለቱን ዓለም በአንድ ዕድሜ ያየ ሰው ጥራ ብትሉኝ ግን ሐዲስ ዓለማየሁን እጠራለሁ። በጎጃም አድባራት የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ተምረው አዲስ አበባ መጡና ተፈሪ መኮንን ገቡ። በ1958 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ሲስሉ የተማሪን ኑሮ ከሰው አፍ ለቅመው አልጻፉም።

እህቶቼ ግንባራችሁን ስትቋጥሩ ይታየኛል። ልክ ናችሁ፤ እቴጌ መነን ትምህርት ቤትም ሴት አዳሪዎች ነበሩት፤ ግን እኔ በዚያ መኝታ ቤት ውስጥ ያልነበርኩ ሰው ምን ብዬ አወራለሁ? ለዚያ ሌላ ምሽት ያስፈልጋል፤ ተናጋሪዋም ከእናንተ አንዷ ናት።

እኔ አዳሪ የገባሁት በ1959፣ 9ኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከምነግራችሁ ውስጥ የማያኮራ ነገር አለበትና ሕንፃው ምን አደረገ። ረጅም አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በግራና በቀኝ ሃያ ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ አርባ ልጅ። ፍራሹ የጭድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዘግይቼ በመድረሴ ታችኛዎቹ አልጋዎች ተይዘው ስለነበር ላይኛው ደረሰኝ። ላይኛው አልጋ ብርድ አለበት፤ ዝናብ ሲመታው ቆርቆሮው ጆሮህ ውስጥ ነው የሚያንኳኳው። ታችኛው ይሞቃል፤ ነገር ግን ላይኛው በተገላበጠ ቁጥር የጭድ ብናኝ ፊቱ ላይ ይዘንብበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ሳይገላበጡ መተኛት ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዛሬም ስተኛ እንደ ሬሳ ቀጥ ብዬ ነው፤ ባለቤቴ ለምን እንደሆነ የገባት ከተጋባን በኋላ ስንት ዓመት ቆይታ ነው።

ከበታቼ የተኛው ልጅ የሰላሌ ሰው ነበር። እናቱ ለአንድ መንፈቅ ይበቃዋል ብላ ስልቻ ሙሉ በሶ አሲዛዋለች። እሱ ደግሞ የቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ቆልፎበታል። እራት የባቄላ ወጥና አንድ እንጀራ ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በዚያ አይጠረቃም። ይህ ልጅ ሌሊት ሌሊት ቀስ ብሎ ሳጥኑን ይከፍትና በሶውን ደረቁን፣ ውሃ ሳይነካው፣ ወደ አፉ ይሞጅራል። በአራተኛው ሌሊት ትን አለው። ደረቅ በሶ ትን ያለው ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። አልጋው እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ። አርባ ልጅ ተነሣ፤ አንዱ ክብሪት ጫረ። ልጁ ከአንገቱ እስከ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኑ ብቻ ይቁለጨለጫል። ያ ሳቅ እስከ ተቆጣጣሪው ቤት ድረስ ተሰማ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስሙ በሶ ሆነ። ስሙ አበበ አልነበረም፤ ግን ማን ይሰማዋል። የመዝገብ ስሙን የምናስታውሰው ውጤት ሲለጠፍ ብቻ ነበር። እኔን ከመተኛቴ በፊት ሳማትብ ስላዩኝ «ዲያቆን» አሉኝ፤ አንድ ቀን ቀድሼ አላውቅም፤ ስሙ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም።

በሶ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ማታ መብራት ሲጠፋ የሳጥኑ ቁልፍ ሲንቋቋ ሰማን። ስልቻውን እየጎተተ ወደ መካከል አወጣው። ከመታጠቢያው ውሃ ቀዳን፣ አንዱ ከየት እንዳመጣው ያልታወቀ ስኳር ነሰነሰበት፣ በእጅ መታጠቢያ ሳህን ላይ ተበጠበጠ። ለአርባ ልጅ እየዞረ በአንድ ማንኪያ ተቀመሰ። የመንፈቅ ስንቅ በአንድ ሌሊት አለቀ። ከዚያ ወዲያ ከቤት የመጣ ነገር ሁሉ፣ ጭኮም ይሁን ዳቦ ቆሎ፣ ማታ በሁሉ ፊት የሚከፈት ሆነ። ደንቡን ያወጣ ኮሚቴ የለም፤ የተጻፈ ነገርም የለም። ለአጎቴ ይህን ስነግረው «ቁራሽ ደፋችሁ ማለት ነዋ» አለኝ። ብዙም አልገረመውም።

ጠዋት ለአራት ልጅ አንድ ሙልሙል ዳቦ ይሰጣል። አካፋዩ ያው ከአራቱ አንዱ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ የቆረጠ መጨረሻ ያነሣል። በማንኪያ እጀታ ዳቦ እንዴት እንደሚለካ ብታዩ የወርቅ ሠሪ እጅ ይመስላችሁ ነበር። ከዚያ በኋላ በስንት ስብሰባ፣ በስንት ሽምግልና፣ በስንት የርስት ክፍፍል ላይ ተቀምጫለሁ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላጋጠመኝም።

ስለ ሌሊቱ ሌላ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀን አንደበታችን ሁሉ አማርኛና እንግሊዝኛ ነው። ከ1955 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የገቡት አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን እንግሊዝኛችንን አፍጥነውት ነበር። እንቅልፍ ሲጥለን ግን ሁሉም ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። አንዱ በትግርኛ ይሟገታል፣ አንዱ በጉራግኛ ያለቅሳል፣ አንዱ በከፊኛ ያፏጫል፤ ከበታቼ በሶ «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጠራል። ጠዋት ጠየቅኩት። «ና ማለት ነው» አለኝ። «ማንን ነው የምትጠራው?» ስለው ትንሽ አመነታና «ጥጃ» አለ። የመጀመሪያዋን የኦሮምኛ ቃሌን የተማርኩት ከተኛ ሰው ነው። ስለ አንድነት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እኔ ራሴም አድርጌያለሁ። አንድን ሰው በእንቅልፉ ልቡ ሲናገር ከሰማኸው በኋላ ግን በቋንቋው መናቅ ይከብዳል። ከዚህ በላይ የፖለቲካ ትምህርት ከአዳሪ ቤት አላገኘሁም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ሕጉ አንድ ቃል ነበር፤ «አይወጣም»። መኝታ ቤት ውስጥ የተደረገ ከመኝታ ቤት አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ከእኛ ሦስቱ አጥር ዘለው ሲኒማ ገቡ፤ ሲመለሱ አንዱ ሱሪውን የእሾህ ሽቦው ላይ ጥሎት መጣ። ጠዋት ተቆጣጣሪው ሱሪዋን እንደ ባንዲራ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «የማን ነው?» ዝም። አርባችንንም ኮረት ላይ አንበረከከን። እስከ ቁርስ፣ ከቁርስም በኋላ። ከመካከላችን ሱሪ ያልነበረው ልጅ በአንሶላ ተጠቅልሎ ነበር የተንበረከከው፤ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው፤ ተቆጣጣሪውም ያየው ይመስለኛል። አልወጣም። ጉልበታችን ላይ የቀረውን ጠባሳ ክረምት ስንገናኝ እንደ ጦር ሜዳ ቁስል ነው የምናሳየው።

ይህን ስናገር ፈገግ ትላላችሁ፤ እኔም እላለሁ። አሁን ግን ፈገግታው የሚቆምበት ቦታ ደርሰናል።

ከበሩ አጠገብ የሚተኛ አንድ ልጅ ነበር። ከሁላችንም የሚያንስ፣ ከቆላ አገር የመጣ፣ ብርድ የማይችል። ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። ጠዋት ጠዋት የጭድ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ወደ ቁርስ ሰልፍ የምንሄድበት መንገድ በዚያው በኩል ነበር። ስም አወጣንለት። ስሙን ዛሬ አልደግመውም። ቢጠራ አርባ ልጅ የሚያስቅ ስም ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። እሱም አንዳንዴ አብሮን ይስቃል፤ ያ ሳቁ ነው ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየ፤ ከዚያ ፍራሹ ፀሐይ ላይ መውጣቱን አቆመ። አደገ፣ ለብርዱም ለመደ አልን። ስሙም በሌላ ስም ተሸፈነና ተረሳ።

ሌላው ልጅ ግን አልተረፈም። ከመካከላችን ቀድመው የገቡት «አዲስ ገብ ይላመድ» እያሉ ሌሊት ቀስቅሰው ውሃ ያስቀዱታል፣ ካልሲ ያሳጥቡታል፣ እምቢ ያለ ዕለት ቀበቶ ነበር። በቀበቶ ሲመቱት ድምፁ ይሰማኛል። ከላይኛው አልጋ ሁሉም ነገር ይሰማል። ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ነበር የምሰማው። ከገና በኋላ አባቱ መጥተው ወሰዱት። የገጠር ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ምን ሆኖባችሁ ነው?» ብለው እኛን ጠየቁን። «ናፍቆት ነው አባባ» አልናቸው። አርባችንም። አይወጣም።

አያችሁ፣ አጥር የዘለሉትን ያዳነች ቃል ያቺው ናት። ሰዎች ስለ አዳሪ ቤት ወንድማማችነት ሲያወሩ የሱሪዋን ታሪክ ይናገራሉ፤ የጋቢውን ሰውዬ ታሪክ ይተዋሉ። የአንድ ዓመት ተማሪዎች በዓል በተከበረ ቁጥር ይህን አስተውላለሁ። ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ የሚወስድ መኝታ ቤት እስካሁን አላየሁም፤ ኖሮ ከሆነ ትልቅ ሰው በቅርብ የሚተኛበት መሆን አለበት። የአጎቴ ጎጆ እንኳ ጉልበተኛ አታጣም ነበር፤ የኔታ ግን የጥሪ ያህል ርቀት ላይ ናቸው፤ ጩኸት ሲሰሙ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። የእኛ ተቆጣጣሪ በሩን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ነበር የሚሄደው። እሳት ቢነሣ ምን ልንሆን እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

አብሮ የማደርን ኃይል መንግሥትም ያውቀው ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች አዳሪዎች ነበሩ። አንድ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ላይ ይተኛሉ፣ በኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ግጥም ያነባሉ። በ1953 ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል»ን አነበበ። ብዙ ሳይቆይ የኮሌጁ አዳሪነት ቀረና ተማሪው በከተማው ውስጥ ቤት እየተከራየ ተበተነ። ቢበተንም በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ አንድ ላይ ነበር። መተኛትን መከልከል ይቻላል፤ አብሮ የተኛን ሰው ትውውቅ መሰረዝ ግን አልተቻለም።

የእኛን አልጋዎች የወሰደው አብዮቱ ነው። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲዘምት መኝታ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። ዊንጌትና ተፈሪ መኮንን ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ናቸው፤ ኮተቤ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ ቆይቶ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። የእኔንም ትምህርት ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄጄ አየሁት። መኝታ ቤታችን የወንበርና የጠረጴዛ መጋዘን ሆኗል። ዘበኛው «ምን ፈልገው ነው አባት?» አለኝ። «አልጋዬን» ልለው ነበር፤ ደግ ሰው ስለነበር ላስደነግጠው አልፈለግኩም።

በ2002 የእኛ ዓመት ተማሪዎች ከጨረስን አርባ ዓመት ሆነን ብለን ተሰበሰብን። ከአርባው የመጣነው አሥራ ሰባት ነን። ግማሾቹ ሞተዋል፤ ከሞቱት ግማሾቹን የበላው ቀይ ሽብርና ነጭ ሽብር ነው፤ በየትኛው ወገን እንደነበሩ በዚያ ምሽት ማንም አላነሣም። ምግብ ተበላ፣ የሱሪዋ ታሪክ እንደ ልማዱ ተነገረ። ከዚያ አንድ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ መሐንዲስ ብድግ አለ። ከበሩ አጠገብ ይተኛ የነበረው ነው። «ፍራሼን አሰጣ የነበርኩት እኔ መሆኔን ታስታውሳላችሁ» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። «መሽናቴን ያቆምኩት አድጌ አይደለም። አንድ ሰው በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቀስቅሶ፣ እጄን ይዞ እስከ መታጠቢያው ይወስደኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ። ያ ሰው በሶ ነው።»

እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። በየሌሊቱ ታችኛው አልጋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በየሌሊቱ ከእንቅልፌ እየባነንኩ «አንተ ሽንታም፣ አርፈህ አትተኛም?» ብዬ የሰደብኩት በሶን ነበር። አንድ ቀን መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሽንታም መባሉን ችሎ ዝም አለ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። በሶ ፊቱ ቀልቷል፤ እንደ ተናደደ ሰው መሐንዲሱን እያየ «ምን አወጣህ?» አለው። «አይወጣም አልተባባልንም?»

በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ያለ ሰዓት፣ ያለ ደወል እንዴት ሰባት ሰዓት ላይ ትነሣ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ስተኛ አራት ጣሳ ውሃ እጠጣለሁ። እኔን ሲይዘኝ እሱንም ይይዘዋል ብዬ ነው።» አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ያንን ማንም አላስተማረውም፤ በየትኛውም ሰርተፊኬቱ ላይ አልተጻፈም፤ ማትሪክ ላይ ያገኘው ውጤት ከእኔ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ሻንጣ የገዛችሁ ወላጆች፣ ምክር ስጥ ካላችሁኝ ትንሽ ነገር አለኝ። ትምህርት ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ ቤተ ሙከራውን ያሳዩዋችኋል፤ እዩ። ከዚያ መኝታ ቤቱን አሳዩን በሉ። የሌሊቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ ከልጆቹ አጠገብ የሚተኛው ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስልክ የሚከለክል ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ በጨለማ የሚያወራ ልጅ ወዳጅ ያፈራል፣ በብርድ ልብስ ውስጥ ስክሪን የሚያበራ ልጅ ግን ጎኑ ያለው ሲያለቅስ አይሰማም። ለጉብኝት ስትሄዱ ደግሞ ከውጤቱ በፊት ከበላዩና ከበታቹ ማን እንደሚተኛ ልጃችሁን ጠይቁት። ስሙን ወዲያው፣ ያውም ቅጽል ስሙን፣ ከነገራችሁ ስንቅ ስትልኩ በዛ አድርጋችሁ ላኩ። ዓይኑን ወደ መሬት ካደረገና «ናፍቆት ነው» ካለ ግን አትመኑት። እኔ ነኝ የምላችሁ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው ብዕራቸውን እያንኳኩ ነው። አንዲት ነገር ብቻ።

ባለፈው ክረምት በሶ ታመመና ሆስፒታል ተኛ። ስሄድ የመጠየቂያው ሰዓት አልፏል። በሩ ላይ ያለችው ነርስ ልጅ እግር ናት፣ ሥራዋን የምታከብር። «ከቤተሰብ በቀር አይገባም አባቴ» አለችኝ። «ወንድማቸው ነዎት?» አይደለሁም አልኳት። «ዘመድ?» አይደለሁም። «ታዲያ ምናቸው ነዎት?» ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ በትሬን ተደግፌ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ የደከመ ድምፅ መጣ።

«የላዩ አልጋ ነው ልጄ፤ አስገቢው።»